ሰኞ ሰኞ የምትበራው ነጥብ

ጭንቅላቷን ካስክ ውስጥ የከተተች ሴት ምሥጢር አትችልም። ካስክ ያ ጭንቅላት ሙሉ የሚውጠው የጸጉር ማድረቂያ ነው። ሞቃቱ አየር ጆሮዋ ላይ ሲያጓራ ሹክ ያለች ይመስላታል እንጂ ድምጿ መንገድ ማዶ ይሰማል። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ሌላ ቦታ ቢሆንም የተማርኩት ሰፈራችን ጸጉር ቤት፣ ካስኩ ሥር ነው። እናቴ ጸጉሯን በቢጎዲን አስጠቅልላ ካስክ ስትገባ፣ እኔ እግሯ ሥር ተቀምጬ የሰፈሩን ትዳር፣ ፍቺና እርግዝና ስለቅም አደግሁ። ስለዚህ አሁን የማወራችሁን ከየት አመጣኸው ብላችሁ አትጠይቁኝ።

የጸጉር ቤቱ ባለቤት ቀጠን ያለች፣ ንግግር የማታበዛ ሴት ናት። ያለ ወሬ ጸጉር ቤት ማስተዳደር ያለ ውኃ ዋና እንደ ማስተማር ነው፤ እሷ ግን ትችልበታለች። ማበጠሪያዋን በጥርሷ ነክሳ “እህ” ትላለች። በዚህች “እህ” ያላስለፈለፈችው ሰው የለም። ባሏ ደግሞ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ጢማም፣ ሳቁ ከሞተሩ ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነበር። ሰኞ ጸጉር ቤቱ ዝግ ነው፤ እሱም ሰኞ አይነዳም። እስከ ምሳ ይተኛና ከምሳ በኋላ ስልኩን ከፍቶ ብቻውን ሲስቅ ይውላል።

ጸጉር ቤቱ ኮምፒውተር የገባለት ለዘፈን ነው። አብሮት የኢሜይል አድራሻ ተከፈተ። የከፈተችላቸው ልጅ “በማን ስም ላድርገው?” ስትል ሚስትየው እጇ ሻምፑ ነበር፤ ባልየው ደረቱን ነፍቶ “በኔ ነዋ!” አለ። ለሁለት ሰው አንድ የጥርስ ብሩሽ የሚበቃ ይመስል፣ ለባልና ሚስት አንድ አድራሻ ሆነ። እሷ ከጸጉር ቤት፣ እሱ ከመንገድ ላይ ይከፍቱታል። ሙሽሮች የሚመኙትን የጸጉር አሠራር ፎቶ የሚልኩት እንግዲህ ለዚያ ጢማም ሹፌር ነበር።

አድራሻው የአንድ ግዙፍ የቴክኖሎጂ ድርጅት ነው። ስሙን አልጠራም፤ እሱ የኔን ስም ያውቃል፣ ይበቃል። ይህ ድርጅት ደብዳቤያችንን ያደርሳል፣ መንገድ ያሳየናል፣ የጠፋብንን ይፈልግልናል። አልበቃው ብሎ አንድ ቀን ማዶ ሲያይ፣ ሰው ሁሉ ፎቶ የሚለጥፍበት፣ የሚጣላበትና የሚታረቅበት የሌላ ድርጅት መንደር አየና ቀናበት። እኔም መንደር ልሥራ አለ። በመጀመሪያው ሙከራው ከማን ጋር አብዝታችሁ እንደምትጻጻፉ ለዘመድ ለባዳው ዘርግቶ አሳየ። በዚያ ሳምንት ጸጉር ቤቱ ገበያው ደራ፤ ባሏን ለመፍታት የቆረጠች ሴት መጀመሪያ የምትቆርጠው ጸጉሯን ነው።

ያንን ዘጋና ስምና ቀለም ለውጦ ደግሞ መጣ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት ይህ ነው፤ አድራሻ ላለው ሰው ሁሉ፣ ፈቃዱን ሳይጠይቅ፣ የራሱ ገጽ ሠራለት። ስም፣ ፎቶ፣ ከፎቶው አጠገብ ደግሞ ባለቤቱ ሲገባ የምትበራ አረንጓዴ ነጥብ።

“ሰዎቻችሁን በየሳጥኑ ክተቱ ይላል” አለች ጥፍር ሠሪዋ ከኮምፒውተሩ ላይ እያነበበች። “ጓደኛ፣ ዘመድ፣ የማውቀው ሰው።”

“አማቴን የት ልክተታት?” አለች እናቴ ካስክ ውስጥ ሆና። ሰፈሩ ሰማ ማለት ነው።

“ዘመድ ውስጥ ነዋ!”

“የምፈራቸው የሚል ሳጥን የለውም?”

አልነበረውም። እንግዲህ የመንደሩ ነገር ያኔ ነው ያበቃለት። ቤቱ ያምራል፣ መብራቱ ያምራል፣ ሰው ግን የለበትም። ሰው የሚሄደው ሰው ወዳለበት ነው፤ ሰው ያለው ደግሞ ሐሜት ባለበት። በሳጥን የተደረደረ ሰው ማን ማንን ያማል? ገብተህ “ቤቶች!” ብትል የራስህ ድምፅ ተመልሶ “ቤቶች!” ይልሃል። የድርጅቱ ሠራተኞች ራሳቸው ማዶኛው መንደር ነው የሚውሉት ተባለ። አላየሁም፤ ሲወራ ነው።

ባልየው የሞተው መንደሩ ወና በቀረበት ዓመት ነው። ሚስቱ ደንበኛ በዝቶባት ሁለተኛ ካስክ አምጣልኝ ብላው፣ ያንን ጭኖ ሲመለስ መኪናው ጠመዝማዛ ላይ ተገለበጠ። ካስኩ በካርቶኑ እንዳለ፣ ጭረት ሳያገኘው ደረሰ። የሱ ስልክ ተፈልጎ አልተገኘም። ለቅሶው ላይ እናቱ ምራታቸውን ዓይን ዓይኗን እያዩ፣ በሰው ፊት፣ “ልጄን በካስክ ለወጥሽው” አሏት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ አልተነጋገሩም። ካስኩ ጥግ ላይ ተተከለ፤ ሥሩ የሚቀመጥ ግን ጠፋ። ፎጣ ጣሉበትና ፊቱን እንደሸፈነ ሰው እዚያው ቆመ።

አንድ ቀን የባሏ የአክስት ልጅ ለሠርግ ጸጉሯን ልትሠራ መጣች። መስታወቱ ውስጥ እየሳቀች እንዲህ አለች፦ “እማማ እኮ ታብሌት ገዝተንላቸው፣ ያንን ማንም የማይገባበትን መንደር ከፍተው ነው የሚውሉት። ከልጃቸው ፎቶ አጠገብ አንዲት ነጥብ አለች። ጠዋት ስትበራ ‘ይኸው፣ ልጄ ተነሣ’ ይላሉ። ማሽኑ ተበላሽቶ ነው ብንላቸው አይሰሙም።”

ባለቤቲቱ “እህ” አላለችም። የያዘችው ቢጎዲን ወድቆ ተንከባለለ።

ነጥቧ የምትበራው አድራሻው ሲከፈት ነዋ! አድራሻውን ጠዋት ጠዋት የምትከፍተው ደግሞ እሷ ናት፤ የሙሽሮቹን ፎቶ ለማየት። እሷ እዚህ በባሏ ስም ስትገባ፣ እዚያ አማቷ ቤት ሙት ይነሣል።

ዕረፍት አጣች። ብትከፍተው እናትን ማታለል ነው፤ ባትከፍተው ልጅን ሁለተኛ መግደል ነው። አንዴ ገድለሽዋል ለተባለች ሴት ይህ ቀላል አይደለም። ትኩሳት ሲይዛት እንኳ ብርድ ልብስ ተከናንባ መጥታ፣ አብርታው ተመልሳ ትተኛለች። የሞተ ባሏን ሥራ የምታስገባ ሚስት ከሷ ሌላ ያለች አይመስለኝም። ኮምፒውተሩ ከመስታወቱ ትይዩ ነው፤ የደንበኛ ጸጉር ስትሠራ ቀና ባለች ቁጥር ባሏ መስታወቱ ውስጥ ከኋላዋ ሆኖ ይስቃል። አንዳንዴ ዞር ብላ ታየዋለች። ደንበኞቹ ያዩና ዝም ይላሉ፤ እኛ ሰፈር ዝም ከተባለ ነገሩ ከባድ ነው።

በዚህ መሐል ድርጅቱ ማስታወቂያ ላከ። “በቂ ተጠቃሚ ባለመኖሩ” መንደሩ በሚቀጥለው ሳምንት ይዘጋል፤ ውስጡ ያለውም ሁሉ ይጠፋል። ጥፍር ሠሪዋ ጮክ ብላ አነበበችው። ባለቤቲቱ ማበጠሪያዋን አስቀመጠች፣ ጥግ ሄደች፣ ፎጣውን ከካስኩ ላይ ገፈፈች፣ አበራችውና ሥሩ ገብታ ተቀመጠች። ጸጉሯ ደረቅ ነበር። እናቴ ጎኗ፣ አሮጌው ካስክ ውስጥ ነበረች።

“አማቴ የሚያዩት ልጃቸውን ሳይሆን እኔን ነው!” አለች ለእናቴ፤ በሷ ቤት ሹክ ማለቷ ነው። መንገደኛ ቆሞ ዞር አለ። “መብራቷ ልትጠፋ ነው! ሄጄ እኔ ነበርኩ ልበላቸው ወይስ ዝም ብዬ ልጃቸው ድጋሚ ይሙት?”

“ሄደሽ ንገሪያቸው!” አለች እናቴም በዚያው ሹክሹክታ።

“ቢያባርሩኝስ?”

“አሁን ምን የቀረ ማባረር አለ፣ አንቺ!”

ጥፍር ሠሪዋ ቀለም የነካ እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች። ማንም ቀና አላለም። ሁላችንም ጥፍራችንን ስናይ ነበር፤ እኔን ጨምሮ።

ሰኞ ሄደች። ከዚህ በኋላ ያለውን ራሷ ናት ያወራችን፤ ያውም ካስክ ሳትገባ፣ ስለዚህ ለመስማት ጠጋ ማለት ነበረብን።

አማትየው በሩን ከፍተው ከላይ እስከ ታች አዩዋት። “ከስተሻል” አሉና መንገድ ለቀቁላት። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ መስኮቱ ሥር ደግሞ በውኃ ጆግ የተደገፈ ታብሌት። እሷም ሳትቀመጥ ተናገረችው። “እማማ፣ ጠዋት ጠዋት የምትበራው… እኔ ነኝ። ጸጉር ቤት ስከፍት ነው። እሱ አይደለም።”

“አውቃለሁ።”

“ያውቃሉ?”

“ልጄ ውኃ ሳልረጨው በጠዋት ተነሥቶ ያውቃል? አንቺ መሆንሽን ገና ድሮ ነው ያወቅሁት። ለሰው ‘ልጄ ተነሣ’ እላለሁ፤ በልቤ ግን ‘ተነሣች፣ ሥራ ገባች፣ ደህና ናት’ ነው የምለው። ያንን ቃል ተናግሬሽ በምን አፌ ልደውልልሽ?”

ያኔ ተቀመጠች። አማትየው ትከሻዋን ይዘው እስክትጨርስ አስለቀሷት። ከዚያ ዓይኗን በራሳቸው ነጠላ ጠረጉላትና፣ “የጠዋቱስ አንቺ ነሽ፣ እሺ። የገረመኝ የሰኞው ነው። ሰኞ ከምሳ በኋላ ለምን ትከፍቻለሽ?” አሏት።

“ሰኞ? ሰኞ እኮ ዝግ ነን፣ እማማ።”

“ሰኞ ሰኞ ትበራለች። ትንሽ ቆይታ ትጠፋለች። ሁልጊዜ።”

የጸጉር ቤቱ ቁልፍ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። አውጥታ አየችው። ስልኳንም አውጥታ አጠፋችው። ሁለቱ ሴቶች አልጋው ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ውጭ ጎረቤት ልብስ ታጥባለች፤ የሚንጠባጠበው ውኃ ይሰማል። ምሳ ሰዓት አለፈ። እሷም “እማማ፣ ተሳስተው ይሆናል” ልትል አፏን ስትከፍት ነጥቧ በራች።

“ይኸው” አሉ አማትየው፤ ቀስ ብለው፣ እንግዳ እንዳይደነግጥ ያህል። “ጻፊለት። እኔ ፊደሉ ይጠፋብኛል።”

ለሟች ምን ይጻፋል? ኋላ ያን ሁሉ ጊዜ ጉሮሮዋ ላይ የነበረውን ጻፈችለት፦ “ካስኩ ደህና ደርሷል።”

ከሥር፣ በትንንሽ ፊደል፣ “እየጻፈ ነው” የሚል ወጣ።

ጠበቁ። ጎረቤቷ ማጠቧን አቆመች። “እየጻፈ ነው” አለ፤ አሁንም “እየጻፈ ነው” አለ። ከዚያ ጠፋ። ነጥቧም ጠፋች። የመጣ መልስ የለም።

ይህን ስትነግረን ጥፍር ሠሪዋ አልቻለችም። “ስልኩ ጠፍቶ የለ? ያነሣው ሰው ነዋ!”

“ይሆናል” አለች።

“ሌባ ከሆነ” አለች እናቴ፣ “ያን ያህል ጊዜ ምን ሲጽፍ ነበር?”

ባለቤቲቱ ማበጠሪያዋን ነክሳ “እህ” አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ “እህ” ብላ ማንም ሳያወራ ቀረ።

መንደሩ በዚያው ሳምንት ተዘጋ። ጥግ ያለው ካስክ አሁን ፎጣ የለበትም፤ ይሠራል፣ እንዲያውም ከአሮጌው ይልቅ ይሞቃል። አማትየው ጠዋት ጠዋት ይደውላሉ፤ “ተነሣሽ?” ይሏታል። ሰኞ ሰኞ ደግሞ እሷ ትሄዳለች። ከምሳ በኋላ ታብሌቱን ጆጉ ላይ አስደግፈው ይቀመጣሉ አሉ፤ ባዶውን ገጽ ከፍተው፣ ሳያወሩ።

ድርጅቱ የዘጋሁት ውስጡ ሰው ስለሌለ ነው ብሏል። ይሁንለት። ብቻ ከመዝጋቱ በፊት በሩ ላይ ቆሞ “ቤቶች!” ያለ ሰው መኖሩን እኔ አልሰማሁም፤ እኔ ደግሞ ብዙ እሰማለሁ።