አሥራ ሰባቱ ስሞች

ልጅ ሳለሁ፣ ከካምባ ከፍ ብሎ ባለው መንደራችን፣ የአያቴ ታላቅ ወንድም አባባ ዳና ምሽት ምሽት ከምድጃው አጠገብ አስቀምጠው ያወሩልኝ ነበር። የቀርከሃው ቤት ጭስ ዓይኔን ያስለቅሰኛል፤ ፍሙ ሲደክም እሳቸው በእንጨት ይቆሰቁሱትና መጀመሪያ የጅብ ተረት፣ ቀጥሎ የሰው ስም ይነግሩኛል።

ስሞቹ አሥራ ሰባት ነበሩ። በጣሊያን ጊዜ ወታደሮች መንደሩን ከበው፣ አርበኞችን አብልታችኋል ብለው የገደሏቸው ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም ከአሮጌው መቃብር ጎን በአንድ ጉድጓድ ተቀብረዋል። አባባ ዳና ያኔ ሕፃን ነበሩ፤ የተረፉት እናታቸው ላያቸው ላይ ወድቀው ስለሸፈኗቸው ነው። «ጫሬ፣ ሳቁ ከወንዝ ማዶ ይሰማ ነበር» ይላሉ። «ማልኮ፣ ለሠርጉ ሳምንት ቀርቶት ነበር።» ከዚያም «አጥንቱን መሬት ይዞታል፤ ስሙን አንቺ ያዢ» ይሉኛል።

አንድ ምሽት ሰለቸኝ። «አባባ፣ ይሄ ተረት አይደለም፤ የጅቡን ይድገሙልኝ» አልኳቸው።

ፍሙን በእንጨት ቆሰቆሱት። ከዚያ የጅቡን ደገሙልኝ፤ እኔም ሳቅሁ። ስሞቹን ግን ከዚያ ወዲያ አንሥተውልኝ አያውቁም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። ክረምቱ ሳይወጣ ሞቱ።

አምና የመንደሩ ሰዎች መታሰቢያ ድንጋይ ሊያቆሙ ተነሡና፣ ሲቀላ ከተማ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው «ስሞቹን የሚያውቅ አልቀረም፤ እሳቸው ሥር ያደግሽው አንቺ ነሽ» አሉኝ። ሦስት ቀን ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። ዘጠኝ ስም ብቻ መጣልኝ።

ድንጋዩ በተመረቀ ዕለት፣ ዶርዜ የተዳሩ አንዲት አሮጊት በልጅ ልጃቸው ተደግፈው መጡ። ማንበብ አይችሉም፤ ፊደሎቹን በጣታቸው እየዳሰሱ «ሻንካ የቱ ጋ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «አባቴ ነው። ሲገድሉት እናቴ ጀርባ ላይ ታዝዬ ነበር።»

ስሙን ስሰማ ወዲያው አወቅሁት፤ አባባ ዳና ከማልኮ ቀጥለው የሚጠሩት እሱን ነበር።

«የለም፣ እማማ። እኔ ረስቼው ነው» አልኳቸው።

እጃቸውን ከድንጋዩ አነሡ። አልተቆጡም። «እንግዲያ ምን ልዳስስ ነው የመጣሁት?» አሉና እዚያው ከሥሩ ተቀመጡ። ከጎናቸው ተቀመጥኩ።

በሳምንቱ ቀራጩ ሻንካን ጨመረ። ያኔ ምድጃ ዳር ከሰማሁት ሁሉ አሁን በእጄ ያለው አሥር ስም ነው። ለቀሩት ሰባት ከድንጋዩ ግርጌ ቦታ ትተናል፤ የቱ ጋ ናቸው ብሎ የጠየቀ ሰው ግን እስካሁን የለም።