ስሙን ገልብጪው

ሚስቴ ትብለጥ የያዘችውን አትለቅም። ዘንድሮ የያዘችው ደግሞ ሰፈራችንን ነው። አዲሱ ሰፈር ካርሜ ጋት በየወሩ ፎቅ ይበቅላል፤ እኛ አሮጌው ቂርያት ጋት ያለነው ግን በአርባ ደረጃ እንንገታገታለን። አሮጌው ፈርሶ አሳንሰር ያለው ይሠራልን እያለ ኢሪያውን፣ ማለትም ማዘጋጃ ቤቱን፣ የሚወተውት የነዋሪዎች ማኅበር አለ፤ እሱ ውስጥ ገባች። ከፋብሪካ ስትመለስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ፊርማ ልትለቅም ትወጣለች። እራቱን የምሠራው እኔ ነኝ፤ ምን ይደረግ።

የምትለፋው ለእናቴ ነው። እማዬ አያለች የምትኖረው አራተኛ ፎቅ ነው። ጉልበቷ እምቢ ካለ ወዲህ፣ ሐኪም ቤት ካልሆነ ከወረደች ዓመት አልፏታል። መጀመሪያ የፈረመችውም እሷ ናት።

ከሕንጻችን ያልፈረሙት ምድር ቤት የሚኖሩት አያ አግደው ብቻ ነበሩ። እሳቸው ካልፈረሙ ነገሩ አይንቀሳቀስም። ትብለጥ ልታነጋግራቸው ስትወርድ አብሬያት ሄድኩ።

«የምታስፈርሚው ነገር ምንድነው ስሙ?» አሏት።

«ፒኑይ ቢኑይ ነው፣ አያ።»

«ነገርን ከሥሩ ነው ልጄ። ፒኑይ ምን ማለት ነው?»

«ማስወጣት።»

«ቢኑይስ?»

«መሥራት። ለጊዜው ሌላ ቤት ይከራዩልዎታል፤ ሲያልቅ አዲሱ ይገባሉ።»

«ለጊዜው» አሉ። «ወደዚህ ስንመጣ የሱዳኑ ካምፕም ለጊዜው ነው ብለውን ነበር። ሁለት ልጆቼን እዚያ ቀበርኩ። ከኋላችን ባዶ መሬት አለ አይደል? እዚያ ይሥሩ፤ አልቆ ሳየው እወጣለሁ። ስሙን ገልብጪው። መጀመሪያ ቢኑይ፣ ኋላ ፒኑይ።»

እውነቱን ልናገር፣ በሆዴ ተናደድኩ። የእናቴ አሳንሰር በአንድ ሽማግሌ ቃል ሊቀር ነው ብዬ። ትብለጥ ግን ምንም ሳትከራከር ወረቀቱን ቦርሳዋ ከታ ተነሣች። ደረጃው ላይ ሆና ለማኅበሩ ሰብሳቢ ለአቪሓይ ደወለች። እሱም ብንጠይቅ ይቻል ይሆናል፣ ግን ሦስት አራት ዓመት ይጨምራል አላት።

ሽቅብ ወጥታ ምንም ሳትደብቅ ለእማዬ ነገረቻት። እማዬ ጉልበቷን እያሸች ሰማቻት።

«እኔስ እናቴን የት ቀበርኩና? ለጊዜው ያሉን ቦታ አይደል?» አለች። «ስሜን ከዚያ ወረቀት ሰርዢው፤ አግደው ባለው ላይ ጻፊኝ።»

«እማዬ፣ እስከዚያ እንዴት ትሆኛለሽ?» አልኳት።

«ቤቴ ሆኜ እጠብቃለሁ ልጄ» አለችኝ። «መንገድ ላይ መጠበቅ ግን በቃኝ።»