ዛሬ ጠዋት ያረዳነው የሐሰት መርዶ



የጎንደር የፊልም ተማሪዎች ነን። የመመረቂያ ፊልማችን የሚከፈተው በመርዶ ነው። የመርዶ ነጋሪዎችን አረማመድ ልናጠና እንፍራንዝ ከተማ አድረን ዛሬ ጎህ ሲቀድ ወጣን።

ካሜራ አልያዝንም፤ «ጥናት ብቻ ነው» ብለን። ብልጦች!

አራታችን ነጠላችንን አዘቅዝቀን፣ አንገታችንን ደፍተን ስንሄድ አንዲት እናት ከደጃፋቸው አዩን። ለካ ሱዳን ለሥራ የሄደ ልጅ አላቸው።

«ልጄን! ልጄን!» እያሉ መሬት ላይ ወደቁ።

«እማማ፣ ፊልም ነው!» ብንል ማን ይስማን? ጎረቤት ደውሎ ልጃቸው «እማዬ» ሲላቸው ነው ነፍሳቸው የተመለሰችው።

እርግማን ስጠብቅ ጠሩኝና ነጠላዬን በእጃቸው አስተካከሉልኝ።

«እናትሽ እንዲህ ለብሰሽ እንዳታይሽ» አሉኝ።

እናንተስ፣ ሳታስቡት ሰው ያስደነገጣችሁበት ቀን አለ? ንገሩኝ እስቲ፤ ብቻዬን አልሁን።