የቀንድ አውጣዋ አድራሻ

ባለፈው ማክሰኞ አንድ ወጣት መምህር ስልክ ደወለልኝ። ሽሮ ጥጄ እያማሰልኩ ነበር። "ወይዘሮ ማርታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ስልክዎን ከትምህርት ቤቱ ጡረተኞች ጠይቄ ነው" አለኝ። "የትምህርት ቤቱን ቤተ ሙከራ እያደስን ነው። አንድ አሮጌ ቁም ሣጥን ውስጥ ዘጠኝ የቀንድ አውጣ ቅርፊቶች አገኘን። ምንም ጽሑፍ የላቸውም። ከየት እንደመጡ የሚያውቅ ሰው ጠፋ። የሐይቃችን ናቸው እንዴ?"

እሳቱን አጠፋሁና ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። "የሐይቅ አይደሉም። እንዳትጥላቸው፤ መልሼ እደውልልሃለሁ" አልኩት። ሳምንት ሙሉ ግን አልደወልኩም። ሽሮውንም ያን ቀን ሳልበላው ዋልኩ።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ቀይ ሽብሩ አለፈ ቢባልም ሰው ገና ድምፁን አውጥቶ መሳቅ ያልለመደበት ጊዜ። ከእናቴ ጋር ከከተማው ወጣ ብሎ ቡሹሎ እንኖር ነበር፤ ጓሯችን ሙሉ እንሰት ነው። ጠዋት ጠዋት በእግሬ፣ ሲቀናኝ ደግሞ በጋሪ ወደ ከተማ እወርድና ትምህርት ቤቱ ስደርስ መጀመሪያ የማደርገው የቤተ ሙከራውን መስኮት መክፈት ነበር። የቤተ ሙከራ ረዳት ነበርኩ፦ ብልቃጥ አጥባለሁ፣ አልኮል እቀዳለሁ፣ የእንግሊዝኛ ታይፕ እመታለሁ። የበልግ ዝናብ ሊጀምር ሲል ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ነፋስ ይነሣል፤ የዓሣ ገበያውን የአሞራ ገደልን ሽታ ይዞ ቤቱን ይሞላዋል። ምሳዬን ቆጮና ጎመን ይዤ ስለምሄድ ያ ሽታ ሁልጊዜ ያስቀናኝ ነበር።

አለቃዬ የባዮሎጂ መምህሩ ጋሼ ማቴዎስ ነበሩ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ መነጽራቸውን በክር ያሰሩ ሰው። በወጣትነታቸው ምጽዋ ሠርተዋል፤ የባሕሩን ሕይወት በሚያጠና መርከብ ላይ። መረብ በረጅም ገመድ ወደ ጥልቁ ይወርዳል፤ ጭቃ ሞልቶ ሲወጣ እሳቸው ጭቃውን በወንፊት ያጥባሉ። አንድ ቀን ከአንድ ቦታ ከወጣ ጭቃ ውስጥ ነው እነዚያን ዘጠኝ ቀንድ አውጣዎች ያገኙት። የአውራ ጣት ጥፍር የማያክሉ፣ ነጭ ሆነው ቡናማ ክር የዞረባቸው። አንዷ ከነሥጋዋ አልኮል ውስጥ ነበረች። ዓይን የላትም፤ "ፀሐይ ከማይደርስበት ስለምትኖር ምን ያደርግላታል?" ይሉኝ ነበር። የሰሜኑ ጦርነት ሲከፋ ወደ ደቡብ ሲዛወሩ ከልብሳቸው በፊት ያሰሩት የእነሱን ሳጥን ነው።

መጻሕፍት ሲያገላብጡ፣ ከውጭ አገር ሰዎች ጋር ሲጻጻፉ ስንት ዓመት ቆይተው ማንም ጽፎባት የማያውቅ አዲስ ዝርያ መሆኗን አረጋገጡ። አዲስ ዝርያ ደግሞ አየሁ ብሎ መናገር አይበቃም። መልኳ ክፍል በክፍል ይጻፋል፣ ትለካለች፣ ጥምዝምዟ ይቆጠራል፣ ምላሷ ላይ ያለው ጥርስ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ሥዕሏን የሣልኩት እኔ ነኝ። መሥመር አይሰመርም፤ በቀጭን ብዕር ነጥብ በነጥብ ነው፤ ጥላው ሲጨልም ነጥቡ ይቀራረባል። አንዱን ሥዕል አሥራ አንድ ቀን ለፋሁበት። ከሁሉም በላይ ግን የሚጠነቀቁት ለወረቀቷ ነበር። በየብልቃጡ ውስጥ ጣት የምታህል ወረቀት አለች፤ የተገኘችበት ቦታ በዲግሪ፣ የውሃው ጥልቀት፣ ቀኑና የሰብሳቢው ስም ተጽፎባታል። "ወረቀቷ ከጠፋች ቅርፊቱ ጠጠር ነው" ይሉ ነበር። "ከየት እንደመጣች የማይታወቅ ነገር አይጻፍም።"

ጽሑፉን ሦስት ጊዜ ተየብኩት። አንዲት ፊደል ስትሳሳት ገጹን እንደገና ያስመቱኛል። ሲያልቅ ከአንዷ ቅርፊት ጋር ውጭ አገር ወዳለ ሙዚየም ሊላክ ነው፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። እንዴት እንደኮራሁ ልነግራችሁ አልችልም።

ያ ኩራቴ ነው ጉድ የሠራኝ።

ዓርብ ዓርብ ከሰዓት የውይይት ክበብ ነበረ። ሠራተኛው በሙሉ ይሰበሰባል፤ ካድሬው ጓድ ደምሴ ጽሑፍ ያነባል፤ ከዚያ ሒስና ግለ ሒስ ይባላል፤ ሌላውን መንቀፍ፣ ቀጥሎም ራስን መንቀፍ። አንድ ዓርብ የስፖርት መምህሩ ተነሣና "አገር በጦርነት እሳት ውስጥ ሆና ጓድ ማቴዎስ የሞተ ቀንድ አውጣ ሲለካ ይውላል፤ ይሄ የሰነፍ ሥራ ነው" አለ። ጋሼ ማቴዎስ መነጽራቸውን ይወለውላሉ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። በስብሰባ ላይ አፌን ከፍቼ የማላውቀው ልጅ ብድግ አልኩ።

"የሰነፍ ሥራ አይደለም" አልኩ። "ትልቅ ሳይንስ ነው። ዘጠኙም ከምጽዋ ባሕር የት ቦታ እንደወጡ በዲግሪ ተጽፏል፤ ጥልቀቱም በሜትር። ውጭ አገር ሳይቀር ሊላክ ነው።"

ምላሴን በቆረጠው። የጋሼ ማቴዎስ እጅ መነጽሩ ላይ እንዳለ ቆመ። ጓድ ደምሴ ወረቀቱን ቀስ ብሎ አጠፈና ወደ እኔ ዞረ፤ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

"የምጽዋ ባሕር ጥልቀት፣ በሜትር" አለ። "ለውጭ አገር ሰዎች።"

ያኔ ገባኝ። ሰሜን ጦርነት ነው፤ ምጽዋ የጦር ወደብ ናት። እኔ ስለ ቀንድ አውጣ የተናገርኩ መስሎኛል፤ ስብሰባው የሰማው ግን ሰላይ ነው። እንዴት እንደተቀመጥኩ አላስታውስም። "ሰኞ ጠዋት መጥተን እናያለን" ብሎ ካድሬው ስብሰባውን ዘጋ።

ወደ ቤተ ሙከራው ስንመለስ ጋሼ ማቴዎስ አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። "ሰኞ ይምጡ፤ አስረዳቸዋለሁ። የሚደበቅ ነገር የለኝም" አሉ። እኔ ግን የሚያስረዱ ሰዎች ምን እንደሚሆኑ አይቻለሁ። የጎረቤታችን ልጅ "ለጥያቄ ትፈለጋለህ" ተብሎ ሲሄድ ለእናቱ "አስረድቼ እመጣለሁ" ብሎ ነው የወጣው። እናቱ እስከ ዛሬ በራፉን ታያለች። ጋሼ ማቴዎስ ደግሞ ሚስትና አራት ልጆች ነበሯቸው፤ ትንሿ ገና ጡት አልጣለችም።

ቅዳሜ የቤተ ሙከራው ቁልፍ እኔ ጋ ነበር። ብቻዬን ገብቼ ዘጠኙን ወረቀቶች በወረንጦ አወጣሁ፤ የተየብኩትን፣ የእጅ ጽሑፋቸውን፣ የምጽዋ ማስታወሻ ደብተራቸውን ጭምር ነጠላዬ ሥር ይዤ ወጣሁ። ከከተማ እስከ ቡሹሎ ያለው መንገድ እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። ከኋላዬ የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ከመንገዱ እወጣለሁ፤ ሰላም ያለኝን ሰው ሁሉ ጠረጠርኩ።

ላቃጥለው አልቻልኩም፤ አንጀቴ እምቢ አለ። እኛ ቤት ደግሞ አንድ መደበቂያ ነበረ። ጸሎት ቤታችን በደርግ ከታሸገ ወዲህ እናቴ መጽሐፍ ቅዱሷን በላስቲክ ጠቅልላ የቆጮ ጉድጓድ ውስጥ ነው የምታስቀምጠው፤ የሚብላላው ቆጮ በኮባ ይሸፈናል፣ ድንጋይ ይጫንበታል፣ የእግዚአብሔር ቃል ከኮባው ሥር ከቆጮው ላይ ይተኛል። ከዚያ ሽታ ውስጥ እጁን የሚሰድ ፈታሽ የለም። እናቴ የያዝኩትን አይታ ምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም፤ "ሰው ይሞትበታል?" ብቻ አለችኝ። "ይሞትበታል" አልኳት። ጉድጓዱን ከፈተችልኝ። ሌላ ላስቲክ አልነበረንም፤ በኮባ ደራርቤ ጠቀለልኩት። ከላይ መተዉ ስላስፈራኝ ክንዴን እስከ ትከሻዬ አስገብቼ ወደ ታች፣ በጣም ወደ ታች ገፋሁት።

ሰኞ ጓድ ደምሴ ከሁለት ጠብመንጃ ከያዙ ሰዎች ጋር መጣ። ቁም ሣጥኑን አስከፈተ። ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ወደ ብርሃን አነሣ። ጋሼ ማቴዎስ ወረቀቶቹ አለመኖራቸውን ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ፤ ለአፍታ ዓይናቸውን ጣል አድርገውብኝ መልሰው አነሡ።

"ዲግሪው የታለ?" አለ ካድሬው።

"የለም" አሉ።

ወደ እኔ ዞረ። "አንቺ አይደለሽም ያልሽው?"

"ዋሽቼ ነው ጓድ" አልኩ። "ትልቅ ሰው ለመምሰል የቀባጠርኩት ነው። ቁጥር የሚባል ነገር አላየሁም።"

ወረቀት ሰጠኝ። እዚያው ቆሜ፣ ቁጥር የሚባል ነገር እንዳልነበረና በትዕቢት ተነሣስቼ የፈጠርኩት መሆኑን ግለ ሒስ ብዬ ጻፍኩ፤ ፈረምኩ። እሱም አጥፎ ኪሱ ከተተው። ያም ሆኖ ጋሼ ማቴዎስን ይዘዋቸው ሄዱ። ሦስት ቀን። በእነዚያ ሦስት ቀናት እህል ከአፌ አልገባም፤ ባለቤታቸው ትንሿን አዝለው በር ላይ ቆመው ሳይ ፊታቸውን ማየት አቃተኝ። ሐሙስ በእግራቸው መጡ። ጢማቸው አድጓል፤ ሌላ ምንም አልሆኑም። ምን እንደጠየቋቸው አልነገሩኝም።

ወረቀቶቹን የት እንደደበቅኳቸው ነገርኳቸውና ነገሩ ይብረድ ብለን ቆየን። ወር ከምናምን ሲሆን አንድ እሑድ ቡሹሎ መጡ። እናቴ ከዚያው ቆጮ ጋግራ በዳጣ በርበሬ አቀረበችላቸው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ነው። "ምጽዋ እዚህ ተቀብራ!" ይሉ ነበር። ከዚያ ጉድጓዱን ከፍተን ጥቅሉን አወጣሁት። ኮባው በስብሷል። ውስጡ እንደ ቡኮ ልቁጥ ያለ ነገር ነው፤ አንዲት ፊደል የለችበትም። የእናቴ መጽሐፍ ቅዱስ ላዩ ላይ በላስቲኩ ደህና ነው። እኔ በፍርሃት ወደ ታች የገፋሁት ግን ፈሳሹ ከሚጠራቀምበት ደርሶ ነበር።

ጋሼ ማቴዎስ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጢጥ ብለው ልቁጡን በጣታቸው ፈተሹት። "መረቡን ከብዙ ቦታ ነው የጣልነው" አሉ በመጨረሻ። "ዘጠኙ ከየትኛው እንደወጡ በግምት አውቃለሁ። በግምት ግን አይጻፍም።" ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። "ሦስት ጊዜ ተይበሽዋል ልጄ። ቁጥሩ ትዝ ይልሻል?"

ትዝ ይለኝ ነበር። እንደ ስሜ አውቀው ነበር፤ ዲግሪውንም፣ ደቂቃውንም፣ ጥልቀቱንም። ነገር ግን ፊርማዬ ካድሬው ኪስ ውስጥ ነው፤ ቁጥሩ ዳግም ከተጻፈ ውሸታሟ እኔ ነኝ፣ እሳቸውም ከእኔ ጋር። "አይ ጋሼ፣ ትዝ አይለኝም" አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እናቴን አመስግነው ሄዱ። ጽሑፉን ዳግም አልጀመሩትም። ደርግ ከወደቀ በኋላም ስንገናኝ ስለ ልጆች፣ ስለ ኑሮ እናወራ ነበር፤ በየቀጠሮው ዛሬ እነግራቸዋለሁ እላለሁ፤ እንዲህ ስል እሳቸው አረፉ። ቀብራቸው ላይ ያለቀስኩት ለቅሶ ሰው ሁሉ ለአባቷ ነው እንዴ እስኪል ነበር።

ለእሳቸው ስል ዋሸሁ ብዬ ራሴን አጽናንቼ ኖሬያለሁ። የሰኞው ውሸት እውነትም ለእሳቸው ነበር። የጉድጓዱ አፍ ላይ የዋሸሁት ግን ለራሴ ነው፤ ይህንን ለማመን ይህን ሁሉ ዕድሜ ፈጀሁ። ፍርሃት ሰውን አንድ ጊዜ ያድነውና ከዚያ በኋላ እንደ ባለውለታ አብሮት ይኖራል።

ዛሬ ጠዋት ደወልኩለት፤ ለመምህሩ። "ጻፍ" አልኩት። ግን ከመጀመሬ በፊት ተነሥቼ መስኮቱን ዘጋሁ። ቦታውን ነገርኩት፣ ጥልቀቱን ነገርኩት፣ የሰብሳቢውን ስም ነገርኩት፤ አንዱንም አልተደናቀፍኩም። ልጁ መልሶ አነበበልኝ፤ ልክ ነበር።

"ግሩም ነው እኮ!" አለ። "መረጃውን የሰጠው ሰው ስም ያስፈልገኛል። የእርስዎን ልጻፍ?"

"አይ፣ የእኔን ተወው" አልኩት ፈጥኜ።

ማንም ሊወስደኝ እንደማይመጣ ትዝ ያለኝ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው።