የኩላሊት ዘመዶች

ወደ ጀርመን ልሄድ ስል በመጨረሻው ሌሊት፣ ደሴ ሆጤ ሰፈር ያለው ቤታችን በዘመድ ተሞልቶ ነበር። እናቴ ሻንጣዬ ውስጥ በሶና በርበሬ ስትጠቀጥቅ አባባ ሱቃቸውን ዘግተው ገቡ፤ ዱዓ ተደረገልኝ። ሱብሂ ሰግደን አውሮፕላን ወደምሳፈርበት ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ወረድን።

አባባ አጠገባቸው የተቀመጠውን ሰውዬ ገና መኪናው ሳይንቀሳቀስ፣ «የማን ልጅ ነህ?» አሉት። የሐርቡ ሰው ነው። ከአባቱ ወደ አጎቱ፣ ከአጎቱ ወደ አማቾቹ ሲሻገሩ ቆይተው፣ ኮምቦልቻ ሳንደርስ ሰውዬው የአክስቴ ባል የወንድም ልጅ ሆኖ ተገኘ። እኔ አፍሬ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። እሱ ግን ሻንጣዬን ተሸክሞ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው በር ሸኘኝ፤ አለቀሰልኝም።

ጀርመን የመጣሁት ነርስነት ልማር ነው፤ እነሱ አውስቢልዱንግ ይሉታል። የደሴን ጉም የለመደ ብርድ አይበግረውም ብዬ ነበር። ወላሂ፣ የደሴ ብርድ ፀሐይ ስትወጣ ይሰናበታል፤ የዚህኛው ግን እንደ አከራይ ነው፣ ቤቱ የራሱ ነው።

ትምህርቱን አገር ቤት እንደለመድኩት ሸመደድኩት። ልብን ለብቻ፣ ኩላሊትን ለብቻ፣ የደም ግፊትን ለብቻ። የማጠቃለያ ፈተናውን ወደቅሁ። በድጋሚውም ከወደቅሁ ትምህርቱም የመኖሪያ ፈቃዱም አብረው ያበቃሉ።

«ሁሉንም ታውቂያለሽ» አለችኝ መምህርቷ። «ኩላሊት ሲደክም ልብ ምን ይሆናል ስልሽ ግን ስለ ኩላሊት ብቻ ነገርሽኝ። ትልቅ ወረቀት ላይ ጻፊያቸውና ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ በመስመር አሳዪ።»

ክፍሌ ገብቼ ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ፤ ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። ኩላሊትን መሃል ጻፍኩት። ያን ጊዜ ሚኒባሱና አባባ ትዝ አሉኝ።

«አንተ የማን ልጅ ነህ?» አልኩት ጮክ ብዬ።

ውሃና ጨው የሚያስወጣው እሱ ነው። ሲደክም ውሃው ሰውነት ውስጥ ይቀራል፤ ግፊት ይጨምራል፤ ግፊቱ ልብን ያደክማል፤ ልብ ሲደክም ደግሞ ለኩላሊት የሚደርሰው ደም ያንሳል። ዞሮ ዞሮ እዚያው ዘመዱ ቤት ገባ። እግር ለምን እንደሚያብጥ፣ መድኃኒቱ ለምን ሽንት እንደሚያበዛ ሳልሸመድድ ገባኝ።

አከራዬ አንኳኩታ ገባች። ከታች የምትኖር አሮጊት ናት።

«ምስማር መምታት በውሉ ክልክል ነው።»

«ፕላስተር ነው።»

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የኩላሊት ዘመዶች።»

ፈገግ እንኳ ሳትል፣ «ውሉ ለአንድ ሰው ነው» ብላኝ ወረደች።

ፈተናውን አለፍኩ። ፈቃዴን ላሳድስ ስሄድ የመሥሪያ ቤቱ ሰው፣ «በዚህ አገር ዘመድ አለሽ?» አለኝ።

«እስካሁን አልተገኘም።»

«አለ ወይስ የለም?»

«የለም» አልኩት።

የዚያን ዕለት ከሰዓት ክፍሌ ገብቼ ደሴ ደወልኩ።

«አባባ፣ አለፍኩ።»

«አልሐምዱሊላህ! ምን ረዳሽ ልጄ?»

«የእርስዎ ጥያቄ። የማን ልጅ ነህ የሚሉት።»

ረጅም ሳቅ ሳቁ። ከዚያ፣ «አከራይሽስ የማን ልጅ ናት?» አሉኝ።

«አላውቅም። እዚህ አይጠየቅም።»

«አንቺንስ ጠይቃሽ ታውቃለች?»

«ኧረ የለም።»

ደንበኛ የሱቃቸውን ባንኮኒ ሲያንኳኳ ይሰማኛል፤ አልተነሱም።

«ታዲያ ብትታመሚ ለማን ይነገራል?»

ግድግዳው ላይ የቀረውን ወረቀት አየሁት። መስመር ያልደረሰው አንድም ስም አልነበረበትም።

«ለእርስዎ» አልኳቸው፤ ሌላ ሰው ፈልጌ አጣሁ።