ወተት አለበት ያልኩት ገንፎ

ጎንደር ውስጥ በምሠራበት ጤና ጣቢያ ለከሱ ሕፃናት የምንሰጠው የበቆሎና የአኩሪ አተር ዱቄት አለ። አገነፋፉን ለእናቶች ለማሳየት ድስት በጣድን ቁጥር ያ ጣፋጭ ሽታ ይነሣና ማማሰያውን ለሌላ ሰው ሰጥቼ ወደ ደጅ እወጣለሁ። ባልደረቦቼ "ደግሞ ምን ነካሽ?" ይሉኛል። ምክንያቱን እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም።

ልጅ እያለሁ አምባ ጊዮርጊስ ነበርን። አባቴ የግብርና ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ስለነበር ከትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ የመንግሥት ቤት ተሰጥቶን ነበር። ክፍል ውስጥ አብራኝ የምትቀመጠው ትርንጎ ግን ታናሽ ወንድሟን አስከትላ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ በእግሯ ትመጣለች። አንድ ዓመት አዝመራው ሳይሰምር ሲቀር፣ ከሩቅ ቀበሌ ለሚመጡ ልጆች በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ከዚሁ ዓይነት ዱቄት የተሠራ ገንፎ መሰጠት ጀመረ። እትዬ ብርቄ የሚባሉ ሴትዮ በትልቅ ብረት ድስት ያገነፉታል፣ ዘይት ጠብ ያደርጉበታል፣ ልጆቹም ሳህን ሳህናቸውን ይዘው ይሰለፋሉ። ትርንጎ ከዚያ ገንፎ ሌላ እስከ ማታ የምትቀምሰው ነገር አልነበራትም። ራሷ ነግራኛለች።

እኔ ቤቴ ሽሮውም ድንቹም ሞልቶልኝ ገንፎው አማረኝ። ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ከቤት ሳህን ይዤ ተሰለፍኩ። እትዬ ብርቄ ጭልፋቸውን አንሥተው "ምነው አንቺ፣ ቤትሽ እዚሁ አይደል? ይኼ የሩቆቹ ነው፤ ትንሽ አታፍሪም?" አሉኝ። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ትርንጎም ሳቀች። የሌሎቹ ሳቅ ምንም አልመሰለኝም፣ የእሷ ግን አንገበገበኝ።

ትርንጎ ጾም የጀመረችው በዚያ ዓመት ነው። ለልጅ እስከ ስድስት ሰዓት ይበቃል ተብላ፣ ደወሉ እስኪደወል ውኃ እንኳ የማትቀምስ፣ በጾሟ የምትኮራ ልጅ ነበረች። የት ላይ እንደሚያማት አውቅ ነበር። በማግስቱ ወደ ዕቃ ቤቱ ወሰድኳትና ጆንያው ላይ ያለውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በጣቴ እያሳየሁ "ይኸው፣ ወተት አለበት ይላል። ጾምሽን እየገደፍሽ ነው" አልኳት። ጽሑፉን ማንበብ አልችልም ነበር። እሷ ግን የጸሐፊ ልጅ በመሆኔ አመነችኝ። ፊቷ ዐመድ መሰለ። "ለማንም እንዳትነግሪብኝ" ብቻ አለችኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደ ወትሮዋ ትሰለፋለች፣ ገንፎዋን ትቀበላለች፣ ከዛፍ ጀርባ ወስዳ ለወንድሟ ትሰጠዋለች። "እሱ ገና ሰባት አልሞላውም፤ ጾም አይመለከተውም" ትለኝ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። በኋላ ግን ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛው ላይ መደፋት ጀመረች። አስተማሪው ሲጠይቃት "ራሴን አሞኝ ነው" ትላለች፣ እኔ ከጎኗ ደብተሬን አገላብጣለሁ። ስንት ጊዜ እውነቱን ልነግራት አስቤ ተውኩት። ውሸታም እንዳልባል ፈራሁ። ደግሞም በልጅ ሒሳቤ፣ ፋሲካ ሲደርስ ትበላዋለች፣ ነገሩም ያልቃል ብዬ ነበር።

ሆሣዕና ሲቃረብ መቅረት ጀመረች። ከፋሲካ በኋላ ወንድሟ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ብቻውን መጣ። የት እንዳለች ስጠይቀው "መንገድ ላይ ወደቀች። አባባ ከእንግዲህ አትመላለሺም ብሏታል" አለኝ፣ ሳህኑን እያወዛወዘ። እስከዚያ ድረስ ከክፍላችን አንደኛ የምትወጣው ትርንጎ ነበረች። በዓመቱ መጨረሻ አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። አባቴ አዲስ ቦርሳ ገዛልኝ፣ እኔም ተሸክሜው ዞርኩ።

ዱቄቱ የወተት ጠብታ እንደሌለበት ያወቅኩት ነርስነት ስማር ነው። 

ባለፈው ሁዳዴ ለለቅሶ አምባ ጊዮርጊስ ሄጄ፣ ስመለስ መናኸሪያው አጠገብ ድንች የምትሸጥ ሴት እጄን ያዘችኝ። ትርንጎ ነበረች። ተሳሳምን፣ ተላቀስን። አራተኛ ክፍል የደረሰች ልጅ አለቻት። ትምህርት ቤቱ አሁን ለሁሉም ልጅ፣ ሩቅ ቅርብ ሳይል ምሳ ያበላል አለችኝ። አንድ ቀን ባቄላና ካሮት በሩዝ፣ አንድ ቀን ገንፎ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ነርስ ሆናለች ሲሉ ሰምቻለሁ፤ አንቺ ታውቂዋለሽ። ያሁኑ ዱቄት ወተት የለበትም አይደል? ልጄ ዘንድሮ ጾም ጀምራብኛለች" አለችኝ።

"የለበትም። ትብላ፣ ጠግባ ትብላ" አልኳት።

"ሸጋ! ምነው ያኔም እንዲህ ንጹሕ በሆነ" አለችና እጄን ጠበቅ አደረገችው። "አንቺ ባትነግሪኝ እኮ ሁዳዴውን ሙሉ ስገድፍ ልከርም ነበር። ፈጣሪ ይስጥሽ እያልኩ ነው የኖርኩት።"

ያኔም ንጹሕ ነበር የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ረዳቱ ጎንደር፣ ጎንደር እያለ ይጣራል። ድንች በፌስታል ሞልታ ክንዴ ላይ አንጠለጠለችልኝ፣ ደግማ ሳመችኝ።

ዛሬ የትርንጎ ልጅ ትኩስ ምሳ በልታ ትማራለች፤ በዚህ ከልቤ ደስ ይለኛል። ያኔ ለሠራሁት፣ ልጅ ነበርኩ ልል እችላለሁ። አሁን ግን የልጆች እናት ነኝ፤ እውነቱን ሳልነግራት ምርቃቷን "አሜን" ብዬ ተቀብዬ መኪናው ውስጥ ገባሁ።