በልጄ ክንድ ላይ ያለፈው ባቡር

ልጆች የቆዳ ቅባት የሚጠሉት ስለሚያቃጥላቸው ነው ይባላል። አይደለም። የሚጠሉት እንደ ግድግዳ ስለምንለቀልቃቸው ነው። ይህ የገባኝ ባለፈው ዓመት የኢድ ዋዜማ ነው፤ የቅባት ቱቦ ባየሁ ቁጥር ያ ቀን ትዝ ይለኛል።

የስድስት ዓመቷ ልጄ ህሊና ችፌ አለባት። ያኔ ክንዷ ከማከኳ ብዛት ቆስሎ አንሶላዋን ደም ይነካው ነበር። ሐኪሟ ጠዋትና ማታ የሚቀባ ቅባት አዘዘላት። ማዘዝ ቀላል ነው። ህሊና ቱቦውን ስታይ አልጋ ሥር ትገባለች። እኔም፣ ጸሐፊው አባቷ፣ አጎንብሼ ከመጻሕፍት የቃረምኩትን ሁሉ እሰብክላታለሁ። አትወጣም። በመጨረሻ ጎትቼ በግድ እቀባታለሁ። እሷ ታለቅሳለች፤ እኔ «ለራሷ ብዬ ነው» እያልኩ እጽናናለሁ።

በዚያ ዋዜማ፣ አብነት ሰፈር በምንኖርበት ግቢ፣ ጎረቤታችን ዘሃራ ለሴቶቹ ልጆች እጃቸው ላይ በሂና አበባ ትስል ነበር። ህሊናም ተራ ጠብቃ እጇን ዘረጋች። ዘሃራ ቁስሉን አየችና፣

«ይሄማ ያቃጥልሻል የኔ እናት። ሲድንልሽ አሳምሬ እቀባሻለሁ» አለቻት።

ልጄ አላለቀሰችም። ቤት ገብታ ያንን የምትጠላውን ቱቦ ይዛ መጣች።

«አባቢ፣ በዚህ ሳልልኝ።»

«ምን ልሳል?»

«አበባ ነዋ!»

በትንሿ ጣቴ ጫፍ ሳልኩላት። ትክ ብላ አየችው።

«ይሄ ጎመን ነው።»

ዘሃራ ሳቋ አመለጣት። «ጋሼ፣ እርስዎ መጻፉ ይሻልዎታል!»

ቢሆንም ህሊና ጎመኗን አልጠላችውም። እንደ ሌሎቹ ልጆች ክንዷን ወደ ላይ ይዛ እስኪደርቅ ጠበቀች። ከዚያ ራሷ ቀስ አድርጋ አሸችው።

በማግስቱ ደግሞ ባቡር እንድስልላት አማራት። የእጇ አንጓ ልደታ፣ ክርኗ ሜክሲኮ ሆነ፤ ቁስሎቹ ሁሉ ፌርማታ። አንዱን ከዘለልኩ፣ «አባቢ፣ እዚህ ጋ ሰው ቀርቷል!» ትለኛለች። ቅባቱ ሐኪሙ ያዘዘው ያው ቅባት፣ መጠኑም ያው ነው። አልጋ ሥር መግባት ግን ቀረ።

ቁስሉ ሽሮ፣ ዘንድሮ ዘሃራ ቃሏን ጠብቃ ሂና ቀባቻት። ህሊና እጇን አገላብጣ አየችና ወደ እኔ ዞረች።

«ያምራል። ባቡሩስ የታለ?»

ችፌው ሊመለስ እንደሚችል ሐኪሙ ነግሮኛል። ድሮ እንዲህ ሲሉኝ እደነግጥ ነበር። አሁን ፌርማታዎቹን አውቃቸዋለሁ።

እናንተም ዛሬ ማታ ልጃችሁን ጨምድዳችሁ ከመለቅለቃችሁ በፊት ምን እንዲሳልለት ጠይቁት። ጎመንም ቢወጣላችሁ ሳሉ።